ሽቦ አይደበቅም

ቪትስከ በግራ እጇ ቁራሽ ጥቁር ዳቦ እንደያዘች በቀኟ ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ሣጥን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ሣጥኗ ከላይኛዋና ከታችኛዋ ጋር ስትሰለፍ በመካከላቸው ተጣሞ የነበረው ሽቦ ቀጥ አለ። ዳቦዋን አልነከሰችም። ከመስታወት ግድግዳው ማዶ ታላቅ ወንድሟ ሲብረን ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ይንጎራደዳል። በሩን መዝጋት ረስቷል፣ ወይም ትስማው ብሎ ትቶታል።

«መረቡ የእሷ ነው» አለ ሲብረን። «ስማኝ ሪንክ፣ ለእኔ እህቴ ናት፣ ላንተ ሚስትህ ናት። ግን ያንን መረብ ከእሷ በቀር የሚነካው የለም። ሣጥን በሣጥን የደረደረችው እሷ ናት። እኔ ምን ላድርግህ?»

ከዚያኛው ጫፍ ስልኩ የተዘጋ ይመስላል። ሲብረን «ሪንክ? ሪንክ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ተጣራና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

መረብ የሚሉት የቢሮው ሰዎች ሕንፃ የሚነድፉበትን ፕሮግራም ነው። በፊደል ሳይሆን በሣጥንና በሽቦ ይጻፋል። አንዱ ሣጥን ይለካል፣ አንዱ ያጎብጣል፣ አንዱ ይቆርጣል፤ ሽቦው ደግሞ የአንዱን ውጤት ለሌላው ያቀብላል። በቦዩ ዳር ለሚሠራው የብስክሌት ማቆሚያ የተነደፈው የመስታወት ጣሪያ ከዚህ መረብ ነው የወጣው። ማዕበል የመሰለ ጣሪያ ነው፤ ካሉት አራት መቶ መስታወቶች አንዱ ከሌላው በልክ አይገጥምም። ማክሰኞ ዕለት ፀሐይ ከረር ስትል ብረቱ ጋለ፣ አበጠ፣ መስታወቱን ነከሰው። መስታወቱ መሸሻ አጥቶ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ሥሩ ተንበርክኮ ጎማ ሲወትፍ የነበረው ሄሰል፣ የሪንክ ታናሽ ወንድም፣ ድምፁን ሰምቶ ቀና አለ። ሐኪሞቹ ከፊቱ ስባሪ ሲለቅሙ አደሩ። የግራ ዓይኑን ግን ሊያተርፉት አልቻሉም።

ሪንክ የመስታወት ገጣሚዎቹ አለቃ ነው። ዛሬ ጠዋት ከሆስፒታል ሲመለስ ቪትስከ ቡና ቀድታ ጠበቀችው። ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት ሳይነካካ አይቀመጥበትም። ሪንክ ግን ወንበሩን እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ ወደ ኋላ ስቦ ነበር የተቀመጠው። «እንዴት አደረ?» አለችው። «ተኝቷል።» «እናትህስ?» «እዚያው ናት።» ቅቤ የቀባችለትን ዳቦ ለሁለት ቆረሰው፤ ደግሞ ቆረሰው፤ ከዚያ ፍርፋሪ እስኪሆን በጣቱ አደቀቀውና አንድም ሳይጎርስ በመዳፉ ሰብስቦ ቆሻሻ ውስጥ ጨመረው። የምትለው ብታጣ «ዳቦውም ጨመረ፣ ሦስት ዩሮ ከአርባ ገባ» አለች። ሪንክ አላያትም። ጠረጴዛው ሥር እጁ ቡጢ ሆኖ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ሲከፈት አየችው። ይህን ዝምታ የሐዘን ነው ብላ ነበር ከቤት የወጣችው። አሁን፣ በመስታወቱ በኩል የወንድሟን ጀርባ እያየች፣ ምን እንደሆነ ገባት። ባሏ ወንድሜን ያሳወረችው ሚስቴ ናት ብሎ ያምናል።

ዳቦውን ከማስታወሻ ወረቀቶቹ ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ሳበች። ጥፋቱ የእሷ ከሆነም ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቷ በፊት በዓይኗ ልታየው ፈለገች።

በዚህ ቢሮ መረብ እንዴት እንደሚጻፍ ሕግ ያወጣችው እሷ ናት። ሽቦ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። አንድ ሥራ የሚሠሩ ሣጥኖች በአንድ ቀለም ይከበባሉ፤ ስማቸውም ከላያቸው በሰው ቋንቋ ይጻፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽቦ አይደበቅም። ፕሮግራሙ ሽቦን ከዓይን መሰወር ይፈቅዳል፤ ሽቦው አለ፣ ይሠራል፣ ግን አይታይም። ሰነፍ ሰው የተንዛዛ መረቡን ለእንግዳ ሲያሳይ እንዲህ ያደርጋል፤ ጥራጊውን አልጋ ሥር እንደሚያስገባ ሰው። ሲብረን በዚህ ጠባይዋ ይቀልድባታል። «እህቴ መረብ አትነድፍም፣ አልጋ ታነጥፋለች» እያለ ደንበኛ ያስቃል። ደንበኛው ከሄደ በኋላ ግን እሱ ያጠላለፈውን ስትፈታ የምታመሸው እሷ ናት።

የጣሪያውን መረብ እንደ ዓረፍተ ነገር ከግራ ጀምራ አነበበችው። «ማዕበሉ»። «የብረቱ አጥንት»። «የመስታወቱ ቅርጽ»። ቀጥሎ «ክፍተት፦ በየጎኑ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር»፤ ይህ መስታወቱ በሙቀት እንዲተነፍስ ከየጎኑ የሚቀነሰው ነው። በመጨረሻ «ለቆራጩ የሚላክ»። ሁሉም በቦታው ነበር፣ ሁሉም ያማረ ነበር። ኤልስከ የምትባለው የሥራ ባልደረባዋ ጃኬቷን እየደረበች ከሌላ ባልደረባ ጋር በአጠገቧ አለፈች። «ክሮኬት ልንበላ ወጣን፣ ላምጣልሽ?» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። ከማክሰኞ ወዲህ ቢሮው ውስጥ ቪትስከን ፊት ለፊት የሚያያት የለም። «አይ፣ ዳቦ አለኝ።» በሩ ተዘጋ። የሁለቱ ባልደረቦቿ ሳቅ ደረጃው ላይ ሲወርድ ተሰማ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ያለ ሳቅ ነው።

የመጨረሻዋን ሣጥን ስትጫናት ከመረቡ መሐል አንድ አረንጓዴ መስመር ብልጭ አለ። ክፍተቱን በጀርባው በኩል ዞሮ አልፎ እሷ የተጫነቻት ሣጥን አፍ ውስጥ ገባ። ስትለቃት ጠፋ። ደግማ ተጫነቻት፤ እንደገና በራ። ከክፍተቱ የሚወጣው ሽቦ የቆመው አጠገቡ ባለች፣ ምንም በማትሠራ የማስታወሻ ሣጥን ላይ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወደ ቆራጩ የሚሄድ ይመስላል። እሷም ያየችው ከሩቅ ነው። ሚያዝያ ላይ ፋይሉን ለመስታወት ቆራጩ ስትልክ ሰልፉን አየች፣ ስሙን አየች፣ ቀለሙን አየች፣ ላከች። አራት መቶ መስታወት መተንፈሻ ሳይኖረው ተቆረጠ።

በዚህ ቢሮ ውስጥ ሽቦ የሚደብቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሲብረን ከክፍሉ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ። ወንበር ስቦ፣ የወንበሩን ጀርባ ታቅፎ ተቀመጠ።

«ቪት፣ ስሚኝማ» አለ። ልጅ ሳሉ የቤቱን ዕቃ ሰብሮ ወደ እሷ ሲመጣ በዚህ ድምፅ ነበር የሚናገረው። «ያቺ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሴትዮ፣ ቴርፕስትራ፣ ከምሳ በኋላ ትመጣለች። መረቡን አሳዩኝ ማለቷ አይቀርም። እስከዚያ በትኚው።»

«ምን?»

«በትኚዋ። ስሞቹን አጥፊ፣ ቀለሙን አጥፊ፣ ሣጥኖቹን እንደ ጎመን ዘር በትኛቸው፣ ሽቦውን አጠላልፊው። እንደ ሌላው ቢሮ መረብ ይሁን። መረብህ ለምን ተዝረከረከ ብሎ የሚያስር ሕግ የለም። ማንም ሊያነበው ካልቻለ ማንም ጥፋተኛ አይሆንም።»

«ሪንክን መረቡ የእሷ ነው አልከው።»

«ታዲያ የማን ነው ልበለው?»

«ሽቦውን የደበቀው ማነው፣ ሲብረን?»

ወንድሟ አንገቱን አሻሸ። መስኮቱ ሥር አንዲት ጀልባ ቦዩን ቀስ ብላ ስታቋርጥ ሞተሯ ተሰማ። «ቆራጩ ጋ የላክሽው አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «ስምሽ ያለው እዚያ ነው። እኔን የምታድኚ መሰለሽ? ራስሽን ነው። በእናታችን ይዤሻለሁ ቪት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጋ ማንጠፍሽን ትተሽ በትኚው።»

ያስፈራት እውነት መናገሩ ነው። በእርግጥ የላከችው እሷ ናት። እጇ የኮምፒውተሩ ማውስ ላይ ሄደ። ቀስቷን «ክፍተት» ከሚለው ስም ላይ አደረሰቻት፤ አንዲት ጠቅታ ብቻ ቀርታለች፣ ስሙ ይጠፋል፣ የዚህ ቢሮ መረብ እንደማንኛውም መረብ ዱር ይሆናል። ሪንክም ቢሆን ማንን እንደሚጠላ ሳያውቅ አብሯት ያረጃል። ሄሰል ሐይቁ በረዶ በሆነ ቁጥር የመንሸራተቻ ጫማዋን ስለት ይስልላታል፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ስለቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ነው የሚያየው። የትኛውን ዓይኑን እንደሚጨፍን ልታስታውስ ሞከረች። አልቻለችም።

«አልበትነውም» አለች።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

ወንድሟ ወንበሯን በእግሩ ገፈተረውና ማውሱን ነጠቃት። ስሞቹንና ቀለሞቹን በአንድ ጠቅታ ሰብስቦ አጠፋቸው። ከዚያ ሣጥኖቹን በመንጋ እየያዘ ወዲያና ወዲህ ሲወረውራቸው ሽቦዎቹ እንደ ተዘረገፈ አንጀት ስክሪኑን ሞሉት። ቪትስከ ክንዱ ሥር ገብታ በግራ እጇ «መልስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። አንዱ መንጋ ተመልሶ ሰልፉን ያዘ። ሲብረን ሌላውን በተነ፤ እሷ መለሰች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአሉሚኒየም ማስመሪያ አንስቶ በጠርዙ ጣቶቿን መታቸው። የመሐል ጣቷ ቆዳ ተገሸለጠ። እጇን አላነሳችም፤ መለሰች። ደግሞ መታት፤ መለሰች። ያኔ ፀጉሯን ከኋላ ጨምድዶ ይዞ ፊቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ጥርሷ ከንፈሯን ሲበሳው ተሰማት። አፏን የሞላው ደም አገጯ ላይ ወረደ። «አንቺ ደረቅ!» ይል ነበር፣ «አንቺ ደረቅ! ደረቅ!»፤ ድምፁ ግን የአልቃሽ ድምፅ ነበር።

በሩ ግድግዳውን መትቶ ተከፈተ።

ሪንክ የመጣው ለእሷ ነበር። ፊቱ ላይ አየችው። ከሆስፒታሉ እስከዚህ ብስክሌቱን ሲጋልብ ለእሷ ያዘጋጀው ንግግር ጥርሱ መሐል ተቀርቅሮ ነበር። ግን ሊናገረው የመጣበትን ፊት በሌላ ሰው እጅ ተይዞ፣ ደም ሲንጠባጠብበት አገኘው። ለአፍታ ማንን መምታት እንዳለበት የጠፋው መሰለ። ከዚያ ሲብረንን በሸሚዙ አንገት አንስቶ ወደ መስታወቱ ግድግዳ ወረወረው። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። የመጀመሪያው ቡጢ አፍንጫው ላይ አረፈ፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማ። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ነበር። ሲብረን ሲወድቅ ሪንክ ተከትሎት ወለሉ ላይ ተንበረከከ፤ እንደ መዶሻ፣ ሳይቸኩል፣ ሳይናገር ይመታው ጀመር። በየምቱ ሲብረን ከሆዱ አየር ያወጣል።

«እሷ ናት!» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ። «የወንድምህን ዓይን ያፈሰሰችው ይቺው ሚስትህ ናት! ጠይቃት!»

የሪንክ ክንድ አየር ላይ ቆመ። ወደ እሷ ዞረ። «እውነት ነው?»

ቪትስከ አፏን በክርኗ ጠረገች። ጣቷ አሁንም ቁልፉ ላይ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ተጫነችው፤ ስሞቹ በየቦታቸው ተመለሱ፣ ቀለሙ ተመለሰ። እሱ ነው ብትል እዚሁ ይገድለዋል። እኔ ነኝ ብትል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆንባታል። ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው።

«አንብበው» አለች።

«እኔ መስታወት ገጣሚ ነኝ። ይሄን ጉድ ከየት አውቄው?»

«ከግራ ጀምር። የተጻፈው እንዲነበብ ነው።»

ሪንክ ስክሪኑን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሲብረንን በአንገቱ አነሳውና እየጎተተ አምጥቶ ፊቱን ከስክሪኑ ጋር አጣበቀው። የአፍንጫው ደም ስክሪኑን ቀባው። «አንተ አንብብልኛ» አለው። «የተማርክ አይደለህ? ጮኽ ብለህ።»

«ሪንክ፣ ተወኝ፣ ላስረዳህ…»

«አንብብ!» ጭንቅላቱን ገጭ አደረገው።

«ማዕበሉ» አለ ሲብረን። ድምፁ በደሙ ውስጥ ይንቦጫረቅ ነበር። «የብረቱ… የብረቱ አጥንት። የመስታወቱ ቅርጽ።» ቆመ። ሪንክ አንገቱን ጨመቀው። «ክፍተት» አለ ሲብረን። «በየጎኑ አሥራ ሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ለቆራጩ የሚላክ።»

«አሥራ ሁለት ካለ እኔ የገጠምኩት ለምን ዜሮ ሆነ?» አለ ሪንክ። ቪትስከ እጇን በሁለቱ መካከል ዘርግታ የመጨረሻዋን ሣጥን ተጫነቻት። አረንጓዴው መስመር ከወንድሟ አፍንጫ ሥር በራ፣ ክፍተቱን ዞሮ አለፈው። ሦስቱም አዩት። ሪንክ በጣቱ ከመነሻው ጀምሮ ተከተለው። «ይሄኛው አይገባበትም» አለ። «ባጠገቡ ነው የሚያልፈው። ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ሲብረን ዓይኑን ሊጨፍን ሞከረ።

«ለአንድ ቀን ብቻ ነበር» አለ ሲብረን። «የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ሥዕሉን ሊያዩ ነበር። ክፍተቱ ጣሪያውን ጥርስ የወለቀ አፍ አስመሰለው። ድፍን ሆኖ፣ እንደ ውሃ እንዲታይ… ሰኞ ልመልሰው ነበር ሪንክ። ሽቦው አስቀያሚ ሆኖ ስለተሻገረ ደበቅሁት። ከዚያ ሳላየው ረሳሁት።»

ሪንክ ሲብረንን በጀርባው ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ማስመሪያው፣ ዳቦው፣ ወረቀቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። አውራ ጣቱን፣ መስታወት ያሻከረውን ያንን አውራ ጣት፣ በሲብረን የግራ ዓይን ቆብ ላይ አስቀመጠ። «ይቺን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይቺን ነው ያጣው።» መጫን ጀመረ። ሲብረን እንደ እንስሳ ጮኸ፤ ተረከዙ የጠረጴዛውን እግር ይደበድብ ነበር።

«ሪንክ» አለች ቪትስከ። ክንዱን አልያዘችውም፤ ብትይዘውም አትችለውም። «የላክሁት እኔ ነኝ። ሣጥኗን አንድ ጊዜ ብጫናት አየው ነበር። አምሯል ብዬ ሳልጫናት ላክሁት።»

አውራ ጣቱ አልተነሳም፣ ግን መጫኑን አቆመ። ሪንክ ለረጅም ጊዜ አያት፤ ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ያላያትን ሁሉ አሁን የሚያያት ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን ከሲብረን ፊት ላይ አነሳና የማያውቀው ነገር እንደሆነ ገልብጦ አየው።

«መግቢያው ጠብቦ ነበር» አለ። «ሄሰል አይገባም አለኝ። ይሄ ነገር ልክ አይደለም ሪንክ፣ እንደውልላቸው አለኝ። አርብ ነበር፣ መጨረስ ነበረብን። በለው አልኩት። በጎማ መዶሻው ደህና አድርገህ በለው፣ ይገባል አልኩት።» አፉ ተጣመመ። «ገባ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለተሰነጠቀው ግድግዳ ሰጥቶ። ሲብረን ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ወርዶ በማዶው ጥግ ተኮራምቶ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሁለቱ ወንዶች እግራቸው ሊነካካ ትንሽ ሲቀረው፣ አንዱ ሌላውን አላየም። ቪትስከ ለባሏ አንዲት ደግ ቃል ፈለገችና አፏ ውስጥ ያገኘችው ደም ብቻ ሆነ፤ ዋጠችው።

የታችኛው በር ደወል ጮኸ። መልካም ጠባይ ያለው ሰው ደወል ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አጭር። ከወለሉ የተነሳ የለም። ቪትስከ ወንበሯን አቃንታ ተቀመጠች። የተደበቀውን ሽቦ ይዛ «ይታይ» አለችው፤ ያለበትን አልቀየረችም፣ አላቃናችውም፣ ክፍተቱን በጀርባው እንደዞረ ተወችው። ወፍራምና አስቀያሚ ሆኖ መረቡን ለሁለት ከፍሎ ተጋደመ። ግን ቴርፕስትራ እንደዚህ ሆኖ ብታገኘው አታነበውም፤ የሲብረን ደም ከመሐል ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ስሞቹን ሸፍኗቸዋል። የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ ከመሳቢያው አወጣች። በምራቋ አራሰችው፤ ምራቋም ቀይ ነበር፤ በሌላኛው ጫፍ ደገመችው። ከግራ ጀምራ ጠረገች። ማዕበሉ ወጣ፣ አጥንቱ ወጣ፣ ቅርጹ ወጣ። ክፍተቱ ላይ የደረቀውን በጥፍሯ ፋቀችው። ሪንክ ሳይዘጋው የመጣው የታችኛው በር ተገፋ፤ ደረጃው ላይ የሴት ጫማ ድምፅ እየቀረበ መጣ። እያንዳንዱ ፊደል እስኪለይ ድረስ ጠረገች፤ ከዚያ ጨርቁን አራት አድርጋ አጠፈችና ከኪቦርዱ ጎን አስቀመጠችው።